የጋሽ አትነቃነቁ ካሜራ

ታላቅ ወንድሜ ፎቶ አንሺ ነው። እናታችን ያወጣችለት ጥሩ ስም ነበረው፤ ግን ከመታወቂያው በቀር የሚጠራበት ቦታ የለም። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ‹ጋሽ አትነቃነቁ› ብሎ ነው። ይህ ስም እንዲሁ ከሰማይ አልወረደለትም። ከካሜራው ፊት የቆመው ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ አንድ እጁን ከፍ ያደርግና «ትንፋሽ ያዙ! አትነቃነቁ!» ይላል። ጠቅ ያደርጋል። ከዚያ «ተንፍሱ!» ይላል። እሱ ተንፍሱ ሳይል የሚተነፍስ የለም። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱን መምህራን አሰልፎ ሲያነሳ ስልኩ ጮኸና ‹ተንፍሱ›ን ረስቶ ወሬውን ቀጠለ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ሲያወራው ርእሰ መምህሩ ዓይናቸው ፈጦ ሊወድቁ ሲሉ ነው የተደረሰላቸው። ፀጉር አስተካካዩ ካላጋነነ መቀሱ አይቆርጥለትም፤ ያን ቀን ግን እኔም ስለነበርኩ ብዙም አልዋሸም።

እኔና ጋሼ የምንሠራው አንድ ቤት ውስጥ ነው። ከበሩ አጠገብ የእኔ የስፌት መኪና፣ ከመጋረጃው ወዲያ የእሱ ስቱዲዮ። ጉርድ ፎቶ ለሚነሱ የማውሰው አንድ ጥቁር ኮትና ሁለት ከረባት ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። ኮቱ የተሰፋው ለግዙፍ ሰው ስለሆነ፣ ቀጭን ደንበኛ ሲመጣ ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ እሰበስብለታለሁ። ከፊት ሲያዩት ሥራ አስኪያጅ፣ ከኋላ ሲያዩት የልብስ ማስጫ ገመድ። ወንድሜ ደግሞ ከኋላ ያለው ነገር አያሳስበውም። «ፎቶው ውስጥ ካልገባ የለም ማለት ነው» ይላል። ሥራውን ሲጀምር የነበረችው ካሜራ ሰነፍ፣ ክፍሉም ጨለማ ስለነበር የተነቃነቀ ሰው ሁሉ እንደ ጭስ ደብዝዞ ይወጣ ነበር። ካሜራዎቹ ተሻሻሉ፤ እሱ ግን አመሉን ይዞ ቀረ።

እናታችን የምትኖረው ከእኛው በላይ፣ ደረጃውን ወጥቶ ባለው ክፍል ነበር። ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ሲል ታላቅ እህታችን ከሌላ ከተማ ደወለችና «የእኔ ቤት መሬት ላይ ነው፤ ደጃፉም ፀሐይ አለው። እማዬን ልውሰዳት» አለች። እማዬ ትንሽ አኮረፈች፣ ትንሽ ተለመነች፣ ከዚያ የምትወስደውን ድስት መምረጥ ጀመረች። ወሩ ሲያልቅ ልትሄድ ተቆረጠ።

ነገሩ የተነሳው ዕቃዋን ስናስር ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን የአባታችንን ፎቶዎች አወረድኳቸው፤ ሁሉንም ያነሳው ጋሼ ነው። አንዱን በጨርቅ ስጠቀልል እማዬ ከአልጋው ጫፍ ሆና፣

«ይሄን ሰውዬ አልወስደውም» አለች።

«የቱን ሰውዬ?»

«ይሄን የተገተረውን። አባታችሁ ቆሞ ያውቃል?»

እውነቷን ነው። አባታችን ቀለም ቀቢ ነበር። መሰላሉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እያፏጨ ወጥቶ እያፏጨ የሚገባ ሰው ነበር። ቁጭ ብሎ ሲበላ እንኳ እግሩ ከጠረጴዛው ስር ይጨፍር ነበር። ፎቶዎቹ ላይ ያለው ግን እጁን ከጎኑ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ልጁ እስኪፈቅድለት የሚጠብቅ ሰው ነው።

«መልኩን አልረሳሁም» አለች እማዬ። «ፉጨቱ ግን ጠፋብኝ። ሌሊት ተኝቼ እፈልገዋለሁ፤ አይመጣልኝም። ያን ያህል ዘመን ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ የኖረ ሰው፣ እንዴት ፉጨቱ ይጠፋል?»

ጋሼን ለመውቀስ አልነበረም፤ እሱ በሩ ላይ መቆሙንም አላየችም። እሱ ግን ወርዶ ደንበኞቹ የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው ወረድኩ።

«ስንት ጊዜ አነሳሁት» አለ። «አንድ ቀን እንኳ ‹በል ሂድ፣ በል አውራ› አላልኩትም። አሁን እማዬንም እንዲሁ ገትሬ ልሸኛት ነው? ነገ እኔና አንቺ ድምጿ ሲናፍቀን የተገተረች ሴትዮ ልናይ ነው?»

«በስልክ ቅረጻታ።»

«እናቴን በስልክ!» አለ፤ ስድብ የሰማ ነበር የሚመስለው። «ዳቦ ጋጋሪ እናቱን ብስኩት ያበላል?»

በዚያ ላይ ፎቶ ብቻውን አላበላ ብሎት ነበር። የሰርግ ደንበኛ ይመጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ «ቪዲዮስ?» ይላል፣ «የለኝም» ሲባል በመጣበት ይመለሳል። ስለዚህ በነጋታው ካሜራ ሊገዛ ቆረጠ፤ ፎቶም ቪዲዮም የምትሠራ፣ ኪሱንም የማታራቁት።

ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶት መጣ። «ተው፣ ተው! ሁለቱንም እችላለሁ የሚል ዕቃ አንዱንም አይችልም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አይደል የሚባለው?»

«‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል› የሚባልም አለ» አልኩት። እሱ ተረት በነገረኝ ቁጥር እኔ ሌላ ካልመለስኩለት ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም።

ካሜራ መሸጫው ጠባብ ነው፤ ሰው ከሦስት በላይ ከገባ አንዱ መስኮቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ጋር ይደረደራል። ሻጩ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት ነው። ጋሼ ገና ሲገባ ያለውን ገንዘብ ተናገረና፣ «ከዚህ በላይ የሆነውን አታሳየኝ። ዓይኔ ይለምድብኛል» አለው። ሻጩ ሳቀ፤ ሦስት ካሜራ አውጥቶ መስታወቱ ላይ ደረደረ።

የመጀመሪያዋ ትልቅና ከባድ ነበረች። ጋሼ ሲያነሳት ፊቱ በራ። በሩ ላይ ያለፈች አንዲት ሴትዮ አነሳባት፤ የጆሮ ጌጧ ሳይቀር ተቆጥሮ ወጣ። «ቪዲዮዋስ?» ሲል ሻጩ አንገቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎት ፋዘር፣ ትግላለች። ትንሽ ከቀረጸች በኋላ ራሷን ታጠፋለች።» ጋሼ ልጁን እንደሚሰጥ ሰው ቀስ ብሎ መለሳት።

ሁለተኛዋ ቪዲዮዋ ለጉድ ነው። እጅህ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ምስሉን ታረጋጋለች። ፎቶዋ ግን፣ ጋሼ አጉልቶ ሲያየው፣ ፊቱ ሁሉ ገንፎ ሆነ። «በዚህች ጉርድ ፎቶ ባነሳ ድንበር ላይ የሚያሳልፈው ሰው የለም» አለና እሷንም አስቀመጣት።

ሦስተኛዋ ያገለገለች ናት። ጎኗ ተፍቋል፤ ስክሪኗ እንደ መስኮት ተከፍቶ ወዲህም ወዲያም ይዞራል። ቀላል ናት፤ እኔ እንኳ በአንድ እጄ ያዝኳት። ፎቶዋ ደህና፣ ቪዲዮዋም ደህና።

«ጉዷን ንገረኝ» አለ ጋሼ። «ጉድ የሌለው ርካሽ ዕቃ የለም።»

ሻጩ አልደበቀም። «አንድ፣ ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል። ሌላ፣ ማይክ መሰኪያ የላትም። የራሷ ማይክ ደግሞ አመለኛ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመውን ትቶ ከኋላ ያለውን ነው የሚሰማው። ስለዚህ የሚቀርጸው ሰው አፉን መዝጋት አለበት።»

«እንሞክራት» አለ ወንድሜ። ሻጩን ግድግዳው ጋ አቆመው። ካሜራዋን ወደ ቪዲዮ አዞረ፣ አንድ እጁን ከፍ አደረገ፣ «ትንፋሽ ያዝ! አትነቃነቅ!» አለው። ሻጩም፣ የዋህ፣ ተገተረ። እኔ ስፌት ጥዬ ስለመጣሁ ከኋላ ቆሜ «ጋሼ በናትህ እንሂድ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው፣ ወይ ግዛ ወይ ተው» እል ነበር። ከዚያ ከፍተን አየነው። አንድ ሰው ዓይኑን አፍጦ ቆሟል፤ ያች የእኔ ምላስ ደግሞ ጆሮ ላይ እንደተቀመጠች ትለፈልፋለች።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ቪዲዮ ነው!» አለ ሻጩ፣ ሳቁ እያመለጠው። «መንቀሳቀስ ይቻላል!»

ጋሼ አፈረ። ግን ሦስተኛዋን ገዛት። መንገድ ላይ፣ «አንዱ ጎበዝ አንዱ ዱርዬ ከሚሆኑ፣ ሁለት መካከለኛ ልጆች ይሻላሉ» አለኝ፤ ሳልጠይቀው። ዕቃ የገዛ ሰው እስኪለምደው ድረስ ጠበቃው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የሳቅም የንዴትም ነበር። እማዬን መጋረጃው ፊት አስቀመጣት። ሻሿን አስተካከለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ትንፋሿን ያዘች።

«እማዬ፣ አውሪ።»

ዝም።

«እማዬ፣ ይሄ ቪዲዮ ነው። ስለ ልጅነትሽ ንገሪን።»

ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ «አንሳና ጨርስ» አለች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ቁልፏን በተጫነ ቁጥር እጁ ወደ ላይ ይነሳና «አትነቃነቂ!» ይላል፤ ከዚያ ራሱን ይረግማል።

ሳታስብ ሊይዛት ሞከረ። ከእኔ ጋር ስለ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ስትጨቃጨቅ፣ አፏ እንደ መኪናዬ መርፌ ሲወጣ ሲወርድ፣ በመጋረጃው በኩል ብቅ አለ። ሌንሷን ስታይ ክርክሩን በግማሽ ቆርጣ ተገተረች። ወደ ደጅ ወሰዳት፤ መንገዱ ሁሉ አብሮ ተገተረ። ሰፈሩን ለስንት ዘመን ሲያሰለጥን ኖሮ! ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መቀሱን አየር ላይ አንስቶ፣ ደንበኛው አረፋ እንደተቀባ፣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው በመስኮት ታዩ። ስከፍተው ፎቶ ነው ብዬ ነበር፤ ከኋላቸው ድመት ባታልፍ ኖሮ አላውቅም።

የመሄጃዋ ቀን ጠዋት ሻንጣዎቹ በሩ ላይ ተደርድረው እህታችን የላከችው መኪና እየተጠበቀ ነበር። ጋሼ ካሜራዋን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። የቀረችው ያቺ ሰዓት ብቻ ነች፤ እሱ ደግሞ እስካሁን ያለው አንዲት የተገተረች እናት ናት። ዓይኑ ቀልቷል። እናቱ አየችው።

«አምጣት እስኪ» አለች።

«ምኗን?»

«ካሜራህን። ይኸው ጢምህ ሳይበቅል ጀምረህ ‹ትንፋሽ ያዢ፣ አትነቃነቂ› ስትለኝ ነው የኖርከው። ዛሬ ደግሞ እኔ ላዝህ።»

ሰጣት። ቀላል ስለሆነች እጇ አልከበዳትም። ስክሪኗን ወደ ላይ አዞርኩላት፤ ቁልፉን አሳየኋት፤ ተጫነችው። እሱ መጋረጃው ፊት ቆመ። ወይ ጉድ! ያ ሰውን ሁሉ ሲያዝ የኖረ ሰው፣ ሌንሷ ስትዞርበት እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። እንደ ምሰሶ ተተከለ።

«ተንቀሳቀስ እንጂ አንተ ልጅ!»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ለእኔ ‹አውሪ› ስትለኝ አልነበር? ሂድ! እንዲህ አይደለም፣ ጫማህ ጠቦህ ነው? ሰው ሰርጉን ያነሳልኛል ብሎ ይሄን ይጠራል!» ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ካሜራዋም አብራ ትስቃለች። እኔ ሆዴን ይዤ በርጩማው ላይ ወደቅሁ። «ይልቅ ያን የአባትህን መሰላል ተሸከምና እንደሱ ሂድ።»

የአባታችን መሰላል እስካሁን አለ፤ ጋሼ መጋረጃ የሚሰቅለው በእሱ ነው። ከጥግ አነሳና ትከሻው ላይ አደረገው። አንደኛው ትከሻው ዝቅ አለ፣ እርምጃው አጠር አለ፣ ተረከዙ ከመሬት ነጠር ነጠር ማለት ጀመረ። አንዴ ሄዶ ተመለሰ። ሁለተኛውን ሲሄድ ፉጨቱ ከአፉ ወጣ። አስቦ አይደለም፤ እኔ ፊቱን እያየሁት ነበር፣ እሱም እንደኛው ደነገጠ። የአባታችን ነበር፤ ያቺ ወደ ላይ ወጥታ መጨረሻ ላይ የምትሰበረዋ ፉጨት። መሰላሉና ፉጨቱ ለካ አንድ ቦታ ነበር የተቀመጡት። እንዳይጠፋበት ፈርቶ ሳያቆም እየሄደ አፏጨ።

ከዚያ እማዬ «እሱ ነው! እሱ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች፤ እየሳቀችና እያለቀሰች። ወዲያው ካሜራዋ ጲጥ ብላ ጠፋች። ባትሪ። መኪናውም ደጅ ሆኖ ጥሩምባውን ነፋ። ማየት የለ፣ መሙላት የለ፤ ሻንጣ፣ መሳሳም፣ «ድስቴን ቀስ»፣ እንባ፣ ሄደች።

ጋሼ ሲመለስ ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «አንድም ቦታ እሷ የለችበትም» አለ። «የቀረጸችው እኔን ነው። እናቴን ሳልይዛት ሄደች።» እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር። ለእሱ ፎቶው ውስጥ ካልገባ የለም ማለት ነው።

በቀጣዩ ሳምንት የመጀመሪያውን የሰርግ ሥራ አገኘ። ‹ቪዲዮስ?› ሲሉት ‹አለኝ› ብሎ በኩራት። ለሰርጉ ሜሞሪዋን ሊያጸዳ ኮምፒውተሩን ከመጋረጃው ወዲያ ከፈተ። እኔ አንድ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ድንገት ከጀርባዬ፣

«ተንቀሳቀስ እንጂ አንተ ልጅ!»

«አቤት እማዬ!» ብዬ ተነሳሁ። የጠራችው እኔን እንዳልሆነ እንኳ አላሰብኩም። ሱሪው መሬት ላይ ወደቀ።

መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ጋሼ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ያለው ለወግም አይበቃም፤ ግማሽ ጭንቅላት፣ ከዚያ ወለል፣ ከዚያ ግድግዳ፣ የመሰላል ጫፍ። ድምጿ ግን! ያቺ አመለኛ ማይክ የወንድሜን ድምፅ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ከሩቅ ይዛ፣ የእሷን ከነትንፋሹ፣ ከነሳሉ፣ ቃል ከመጀመሯ በፊት ምላሷን ጠቅ ከማድረጓ ጋር ሰብስባዋለች። ጆሯችን ስር ሆና ‹ጫማህ ጠቦህ ነው?› ትላለች። ሳቅን። አለቀስንም፤ ምን ይደበቃል።

ከዚያ ፉጨቱ መጣ። ጋሼ በስክሪኑ ላይ መሰላሉን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ያፏጫል። ከኋላ ግን ምንም የለም። ሳቋም፣ ሳሏም፣ ትንፋሿም።

«ድምፁ ተቋረጠ እንዴ?» አልኩ።

«አልተቋረጠም» አለ። «ትንፋሽ ይዛ ነው።»

ማንም ሳያዛት። ወንድሜ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ፣ እንደ ልማዱ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ፣ በዝግታ «ተንፍሺ፣ እማዬ» አላት። ወዲያው ከኋላ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ «እሱ ነው! እሱ ነው እኮ!» አለች።

ለሰርጉ ሌላ ሜሞሪ ገዛ። ቪዲዮውን በእህታችን ስልክ ላክንላት። በማግስቱ አመሻሽ ላይ እማዬ ራሷ ደወለች፤ ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ደጋግማ ከፍታው እንደዋለች ከድምጿ ያስታውቃል።

«ፉጨቱን አገኘሁት» አለች። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። ግን አንድ ነገር አስተካክልልኝ።»

«ምን ላስተካክልልሽ እማዬ?»

«ከኋላ የምትለፈልፈዋ ሴትዮ ማን ናት? ፉጨቱ ሊያምር ሲል ትጮህበታለች። እሷን ቆርጠህ አውጣልኝ።»

ጋሼ ወደኔ አየ። «እሺ እማዬ» አላት።

አልቆረጠም።